ኮር አይ ሰቨን፣ ግን የስንት ዓመቱ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። እኔ የመኪና መካኒክ ነኝ። ሳሪስ አካባቢ ትንሽ ጋራዥ አለችኝ። ጋዜጣችሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እገዛለሁ። አትቀየሙኝና መጀመሪያ የማነበው የማስታወቂያውን ገጽ ነው። የሚሸጥ መኪና ስለሚወጣበት።

ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝም ያው ገጽ ነው። የመኪና ማስታወቂያ ስታወጡ ደንበኛ ነው። ዓይነቱ፣ የተሠራበት ዓመት፣ የሞተሩ ጉልበት፣ ካምቢዮው ማንዋል ይሁን አውቶማቲክ፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ፣ ሁሉም ይጻፋል። ከሥሩ ደግሞ የኮምፒውተር ማስታወቂያ አለ። «ጌሚንግ ኮምፒውተር፣ ኮር አይ ሰቨን፣ 16 ጊጋ ራም፣ 4 ጊጋ ግራፊክስ፣ በታላቅ ቅናሽ» ይላል። አለቀ። «ኮር አይ ሰቨን» የፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ሞተር፣ ስም ነው፤ ግን ዓመት የለ፣ ሞዴል የለ። «ቶዮታ ነው፣ ቀይ ነው፣ አራት ጎማ አለው» ብሎ መኪና እንደመሸጥ ነው።

እኔን የበላኝ ልክ እንደዚህ ያለ ጽሑፍ ነው። በእናንተ ጋዜጣ ላይ አልነበረም፤ በአንድ ሱቅ መስታወት ላይ ተለጥፎ ነው ያነበብኩት። የሱቁን ስም አልጠቅስም። ጠብ አልፈልግም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጨረሻው ልጄ 12ኛ ክፍል ነበር። ለእናቱ ሳሙና ሊገዛ ወጥቶ ፕሌይስቴሽን ቤት ሁለት ጌም ተጫውቶ የሚመለስ ልጅ ነው። እናቱ «እቤት ቢጫወት ይሻላል፣ ቢያንስ ዓይናችን ሥር ይሆናል» አለች። እሱም «አባዬ፣ ለትምህርቴም ይሆነኛል» አለ። ለትምህርት እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ቢሆንም ቃል ገባሁ። ኅዳር 2017 እቁብ ወጣልኝ። ታኅሣሥ ላይ ይዤው ሄድኩ።

ጊዜው ጥሩ አልነበረም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በዶላር የሚመጣ ነገር ሁሉ ዋጋው ሰማይ ወጥቷል። የእኔ መለዋወጫም እንደዛው። ስለዚህ ሻጩ 58 ሺህ ብር ሲለኝ አልደነገጥኩም። ሳጥኑ መስታወት ነው። ውስጡ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ያበራል። የገና ዛፍ ነው የሚመስለው። «ፋዘር፣ ኮር አይ ሰቨን ነው እኮ፣ ከዚህ በላይ የለም» አለኝ። ልጄን አየሁት። ዓይኑ መብራቱ ላይ ቀርቷል። ከፈልኩ።

ሶማሌ ተራ አንድ ፍሬን ሸራ ስገዛ አሽትቼ፣ በጥፍሬ ቧጥጬ፣ ቁጥሩን አንብቤ ነው። 28 ዓመት ሙሉ ማንም አልሸወደኝም። እዚያ ሱቅ ግን ክዳኑን እንኳን ክፈቱልኝ አላልኩም። አይኔን ግንባር ያድርገው፣ አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

እቤት አምጥተን ኤፍሲ 24 የሚባለው የኳስ ጌም ከጓደኛው ሃርድ ዲስክ ተገለበጠ። ተጫዋቹ ይመታል፣ ኳሷ ቆይታ ትሄዳለች። ጎሉ ገብቶ በረኛው ገና ይዘላል። ሻጩ ጋ ስንደውል «ፎርማት አድርጉት» አለ። ፎርማት ተደረገ። ያው ነው። ከዚያ «ሲሉ (ማሸጊያው ወረቀት) ካልተነካ አምጡት» አለ። ስንወስድለት ደግሞ «የጌሙ ችግር ነው» ብሎ መለሰን። የሦስት ወር ዋስትናችን ላም አለኝ በሰማይ ሆነ።

ቀጥሎ የመጣው ጥፋት የራሴ ነው፤ አልደብቅም። የጥምቀት ሰሞን ቤት ሲጸዳ ሳጥኑን ከግድግዳ ሳብ አደረግሁ። ከኋላው፣ ገመዱ የሚሰካበት አጠገብ፣ ትንሽ ቀይ ማብሪያ አየሁ። ማጥፊያ መሰለኝ። ገፋ አደረግኋት። ልጄ መጥቶ ኮምፒውተሩን ሲያበራው ዱም አለ። ጭስ፣ የተቃጠለ ሽታ፣ የቤቱም መብራት ጠፋ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ «መሐንዲሱ» ትለኛለች።

ያቺ ቀይ ነገር ማጥፊያ አይደለችም። 115 እና 230 የሚል ተጽፎባታል። የመብራቱን ቮልቴጅ መምረጫ ናት። 115 ላይ ስትሆን ፓወር ሰፕላዩ (መብራቱን ለኮምፒውተሩ የሚያከፋፍለው ሳጥን) «የአሜሪካ ዓይነት ዝቅተኛ መብራት ነው የሚመጣልኝ» ብሎ የሚገባውን በእጥፍ ያሳድጋል። የእኛ 220 ቮልት ሲገባበት ምን እንደሚሆን አይታችሁታል። ጥሩዎቹ ፓወር ሰፕላዮች ራሳቸው ይለያሉ፤ ይቺ ማብሪያ የለችባቸውም። ማብሪያዋ መኖሯ በራሱ ዕቃው አሮጌ ወይም ርካሽ ስሪት እንደሆነ ይጠቁማል። ይህንን ከፍንዳታው በኋላ ነው የተማርኩት።

ፍንዳታው ግን ውለታ ዋለልኝ። ሲሉን አስከፈተኝ። ሰፈራችን ኮምፒውተር የሚጠግን ልጅ አለ፤ ሱቁ ሁለት ሰው አታስቀምጥም። ሳጥኑን ፈታታውና ዝም አለ። እኔም አንዳንድ ደንበኛ የገዛውን መኪና ሲያሳየኝ እንደዛ ነው ዝም የምለው። ገባኝ። «ንገረኝ፣ ግድ የለም» አልኩት።

«ጋሼ፣ ኮር አይ ሰቨን መሆኑ እውነት ነው» አለ። «ግን የ2011 ነው። በፈረንጆቹ።»

ያን ጊዜ ልጄ መዋለ ሕፃናት እንኳን አልገባም ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ይበልልኝ። «አይ ስሪ»፣ «አይ ፋይቭ»፣ «አይ ሰቨን» የሚባለው ደረጃ ነው፣ ዕድሜ አይደለም። ዕድሜውን የሚናገረው ከኋላ የሚከተለው ቁጥር ነው። የእኔው አይ 7-2600 ይላል። መጀመሪያ ላይ ያለው 2 ሁለተኛ ትውልድ ማለት ነው። 8700 ቢል ስምንተኛ ነው። 12100 ቢል አሥራ ሁለተኛ ነው። ይህ ቁጥር ለኢንቴል ፕሮሰሰር ሊብሬው ነው። ሊብሬ የሌለው መኪና የሚገዛ የለም አይደል?

ዕድሜው ፍጥነቱን ብቻ አይደለም የሚቀንሰው። አንዳንድ አዳዲስ ጌሞች በዚያ ዘመን ፕሮሰሰር ላይ ጭራሽ አይነሱም፤ የሚፈልጉት የትእዛዝ ዓይነት ገና አልተፈጠረም ነበር። ዊንዶስ 11ም በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። ዊንዶስ 10 ደግሞ መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል።

ቀጥሎ ግራፊክስ ካርዱን፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ምስል የሚሠራውን ክፍል፣ አወጣው። ጂቲ 730 ይላል። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ለቢሮ ሥራ ሁለተኛ ስክሪን ለማገናኘት የሚበቃ ካርድ ነው። «4 ጊጋ ግራፊክስ» የተባለልኝ እሱ ነው። 4 ጊጋው ውሸት አይደለም። ግን የሜሞሪው ብዛት የካርዱ ጉልበት አይደለም። ያውም ሜሞሪው የድሮው ዘገምተኛ ዲዲአር3 ነው። ባጃጅ ላይ የሲኖትራክ ነዳጅ መያዣ ብትገጥሙበት ሲኖትራክ አይሆንም። ለኤፍሲ 24 አምራቹ ዝቅተኛ ብሎ ያስቀመጠው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ወይም አርኤክስ 570 ነው። ሁለቱም ከእኔው ካርድ በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። በረኛው ዘግይቶ ቢዘል አይፈረድበትም።

ፓወር ሰፕላዩን ግን ራሴ ነኝ የመረመርኩት። አምፔርና ቮልት የእኔ አገር ነው። ላዩ ላይ በትልቁ «500 ዋት» ተጽፏል። ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ሠንጠረዥ አነበብኳት። በ12 ቮልቱ መስመር 16 አምፔር ይላል። 12 ሲባዛ በ16፣ 192 ዋት። ፕሮሰሰሩም ካርዱም በዋናነት የሚበሉት ከዚህ ከ12 ቮልቱ መስመር ነው። ታዲያ 500ው የት ሄደ? መኪና ባትሪ ላይ ስሙን ለጥፎ ውስጡን ባዶ እንደመሸጥ ነው። ጠጋኙ ልጅ ክብደቱንም በእጄ አስመዘነኝ። ባዶ ቆርቆሮ ይመስል ቀላል ነው።

ስለዚህ ለአንባቢዎቻችሁ አንድ ነገር ብቻ ከእኔ ይያዙ ብባል ይቺን እላለሁ። ፓወር ሰፕላይ ስትገዙ በትልቁ የተጻፈውን ዋት ተዉት። የ12 ቮልቱን አምፔር ፈልጉና በ12 አባዙት። የሚወጣው ቁጥር ከተጻፈው ዋት ብዙም ካልራቀ ዕቃው ዕቃ ነው። ካልሆነ መልሱት።

ሁለተኛውን ዙር ለመጀመር ገንዘብ አልነበረኝም። ለጋራዡ አዲስ ኮምፕሬሰር የያዝኩትን ብር ነካሁት። ኮምፕሬሰሩ ዛሬም እንደ አስም በሽተኛ ያቃስታል። ልጄ ግን የትምህርቱን ድርሻ ጠብቋል፤ ቃሌን ማጠፍ አልሆነልኝም።

ጠጋኙ ልጅ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ስንት ብር አለህ?» ብሎ አይደለም። «ምን ይጫወታል? ስክሪኑስ ምን ዓይነት ነው?» አለኝ። እኔም መኪና ልግዛ የሚለኝን ሰው «የት ነው የምትነዳው?» ብዬ ነው የምጀምረው። ልጁን ወደድኩት። ልጄ ኳስና ጂቲኤ 5 ነው የሚጫወተው። ስክሪናችን አሮጌ የቢሮ ነው፤ ጥራቱ 1080፣ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ። ስለዚህ በሰከንድ 140 ምስል የሚያወጣ ካርድ ብንገዛ የምናየው 60ውን ነው። የቀረው የመብራት ቆጣሪ ማዞር ነው። «ከ60 ሳይወርድ ይቆይልን፣ ይበቃናል» ተባባልን። በጀቱን ያዳነን ይሄ ነው። ከላይ ጀምረን ወደ ታች ብንደራደር ኖሮ ቤት ይሸጥ ነበር።

ለጌም ኮምፒውተር መጀመሪያ የሚመረጠው ካርዱ ነው። ሌላው ሁሉ ለእሱ ነው የሚለካው። አዲስ ካርድ አዲስ አበባ ላይ ብንገዛ ካለን ብር ግማሹን ይጠርግ ነበር። ስለዚህ ዩዝድ ፈለግን። እዚህ ላይ ሦስት ጉድጓድ አለ።

የመጀመሪያው የውሸት ካርድ ነው። የድሮ ጂቲኤስ 450 ወስደው ሶፍትዌሩን ቀይረው «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነኝ» እንዲል ያደርጉታል። ዊንዶስም ያምናል። ጂፒዩ-ዚ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ግን አብዛኛውን ያጋልጣል። ሻሲ ቁጥር የተቀጠቀጠበት መኪና በሉት። ሁለተኛው አርኤክስ 580 ነው። ስሙ አንድ ሆኖ ዓይነቱ ሁለት ነው። ደንበኛው 2304 የሥራ ክፍል አለው። 2048ኤስፒ የሚል ጭራ ያለው ግን በተግባር አርኤክስ 570 ነው። እሱም መጥፎ ካርድ አይደለም፤ የ570 ዋጋ ከተከፈለበት።

ሦስተኛው የማይኒንግ ካርድ ነው። ኢተሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ ድሮ በግራፊክስ ካርድ ነበር የሚቆፈረው። መስከረም 5 ቀን 2015 አሠራሩን ሲቀይር ካርዶቹ ባንድ ቀን ሥራ ፈት ሆኑ። ከዚያ ዩዝድ ገበያውን አጥለቀለቁት። ሰው እነዚህን እንደ እርጉም ነው የሚያያቸው። እኔ ግን ታክሲ የሠራ ሚኒባስ አድርጌ ነው የምቆጥራቸው። ሌት ተቀን ሠርቷል፣ እውነት ነው። ማራገቢያው ይደክማል፣ ሙቀት ማስተላለፊያው ቅባት ይደርቃል። ባለቤቱ በሥርዓት ከያዘው ግን ሞተሩ አይሞትም። ማራገቢያውን በእጅ ነካ ማድረግ ነው፤ ከወላለቀ መተው። ብሎኖቹን ማየት ነው፤ ጭንቅላታቸው ከተላጠ ሰው ፈትቶታል። ከዚያ አንድ ከባድ ጌም ላይ ሩብ ሰዓት ማሠራት። እኔ መኪና ሳልነዳው አልገዛም።

እህቴ ዱባይ ነው የምትሠራው። ቡር ዱባይ ኮምፒውተር ሱቆች የተደረደሩበት መንገድ አለ። ልጄ ጥያቄዎቹን በወረቀት ጻፈላት። እሷ ደግሞ ሻጩን በወረቀቱ አፋጠጠችው። «ኮምፒውተር የማውቅ መስሎት ፈራኝ» ብላ ስትስቅ ነበር። አርኤክስ 6600፣ 8 ጊጋ፣ ዩዝድ፣ በ450 ድርሃም። ለ1080 ስክሪን በቂና ተራፊ ነው። የሚበላው 132 ዋት ብቻ ነው። ሻንጣዋ ውስጥ በሹራብ ጠቅልላ አመጣችው።

ቀጥሎ ፕሮሰሰር። እዚህ ጋ ቤታችን ውስጥ ጦርነት ተነሳ። ጠጋኙ ልጅ «አይ 3-12100ኤፍ» አለ። ልጄ ፊቱ ተለዋወጠ። «አይ ስሪ? ጓደኞቼ ይስቁብኛል!» እውነቱን ለመናገር እኔም ቅር ብሎኝ ነበር። ከሰባት ወደ ሦስት መውረድ ውርደት ይመስላል። ጠጋኙ ልጅ ሁለቱን አጠገብ ላጠገብ አስቀምጦ አሳየን። ሁለቱም አራት ኮር (አራት ሲሊንደር በሉት)፣ ስምንት ትሬድ (ባንዴ የሚይዙት ሥራ) ናቸው። አንዱ ኮር ከአንዱ ኮር ሲለካ ግን አዲሱ አይ ስሪ የድሮውን አይ ሰቨን እጥፍ ገደማ ይሠራል። አሥራ አንድ ዓመት ነው የሚለያያቸው። ልጄ አሁንም ጓደኞቹ ሲጠይቁት «አሥራ ሁለተኛ ትውልድ ነው» ብቻ ብሎ ያልፋል።

«ኤፍ» የምትለዋ ፊደል ተራ አይደለችም። በውስጡ የራሱ ግራፊክስ የለውም ማለት ናት። ካርዱ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ጠበቅን። ካርድ የመግዣ ብር አሁን የሌለው ሰው በ«ኤፍ» ባይጀምር ይሻለዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ራይዘን 5 5600ጂ አለ፤ ግራፊክሱ አብሮት ነው። ጂቲኤ 5ን በዝቅተኛ ጥራት ያጫውታል። ካርዱ በሚቀጥለው እቁብ ይመጣል።

ማዘርቦርዱ፣ ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ሰሌዳ፣ ኤች610 ነው። ብዙ አልተከራከርንም፤ ዋናው ነገር ከፕሮሰሰሩ ጋር መግጠሙ ነው። አንድ ወጥመድ ግን አለ። ይሄው ቦርድ ዲዲአር4 ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) የሚቀበልም ዲዲአር5 የሚቀበልም ተብሎ በሁለት ይሠራል። ራሙ አንዱ ከሌላው ላይ አይገባም፣ መሰንጠቂያው ያለበት ቦታ ይለያያል። በግድ የሚገጥም እንዳለ ሰምቻለሁ። ጋራዥም እንደዚህ ዓይነት ሰው አለ፣ መዶሻ ይዞ የሚዞር።

ራም 16 ጊጋ ገዛን፣ ግን ባለ 8 ሁለት። ሻጩ «ባለ 16 አንድ ውሰድ፣ ነገ ትጨምራለህ» ብሎን ነበር። ሁለት ሲሆኑ ፕሮሰሰሩ በሁለት መስመር ባንዴ ያነባል። አንድ ሲሆን በአንድ መስመር ይሰለፋል። ለጌም ልዩነቱ ይታያል፣ ግራፊክሱ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ለሆነ ደግሞ በጣም። ደግነቱ የገዛነው አምና ነው። ከመስከረም 2018 ወዲህ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ሽቅብ ሄዷል፤ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላቱ ራሙን እየሰበሰቡት ነው። ዛሬ የሚገዛ ሰው ደህና ዩዝድ ዲዲአር4 ካገኘ አይናቀው። ራም ማራገቢያም ጎማም የለውም፣ ቶሎ አያረጅም።

ለማከማቻ ባለ 500 ጊጋ ኤስኤስዲ ወሰድን። ኤፍሲ 24 ብቻውን 100 ጊጋ ቦታ ይፈልጋል፤ ባለ 256ቱ ሁለት ጌም ይዞ ይሞላል። ይህን ያህል ይበቃል።

ፓወር ሰፕላዩን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ማንንም አላስጠጋሁም። ካርዱ 132፣ ፕሮሰሰሩ ሲበዛ 89፣ ለሌላው ለሌላው 50። 300 አይሞላም። ሻጩ ስም የሌለው «750 ዋት» ሊሸጥልኝ ሞከረ። ሠንጠረዡን አየሁና ሳቅሁ። ስሙ የታወቀ፣ ብሮንዝ የሚል ማረጋገጫ ያለው 500 ዋት ወሰድኩ። ዋጋው ስም ከሌለው ይበልጣል፣ ተቆጨሁ ግን አላልኩም። የእኛ መብራት ይሄዳል ይመጣል፤ ሲመጣ ደግሞ እየዘለለ ነው። ስለዚህ ከስታቢላይዘር ጋር ነው የሰካነው፣ በዲቫይደር ላይ ከፍሪጅና ከምጣድ ጋር አይደለም። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚያቆየውን ባትሪ) ለሚገዛም አንድ ቃል፦ 650 ቪኤ ማለት 650 ዋት አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ቢል ነው።

ኬዙን አልቀየርንም። ግን የፊቱን መስታወት አስወለቅሁት። ማራገቢያዎቹ ከመስታወቱ ጀርባ ታፍነው ነበር። ራዲያተር ፊት ካርቶን አስሮ መንዳት ማለት ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት የመውሰድ አቅሙም ያነሰ ነው። ካርቡሬተር ያስተካከለ ሰው ይሄን ያውቃል። ለአቧራው መረብ ጠቀለልንበት። መልኩ ተበላሸ። ልጄ ሁለት ቀን አኮረፈ።

ጠቅላላው 64 ሺህ ብር ወጣ። ሩቡን የወሰደው ካርዱ ነው፣ ለዚያውም በእህቴ ዘዴ። ከመጀመሪያው ኮምፒውተር የሚበልጠው 6 ሺህ ብር ብቻ ነው። ኤፍሲ 24 ጥራቱን ከፍ አድርገን እንኳን ከ60 አይወርድም። በረኛው አሁን በሰዓቱ ይዘላል። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ሞክሬ 7 ለ 0 ተሸንፌያለሁ።

ይህን ያህል ብር የሌለው ጎረቤት ሲጠይቀኝ ሌላ መንገድ አሳየዋለሁ። ከውጭ የሚመጡ የቢሮ ዴስክቶፖች አሉ፣ ዴልም ኤችፒም። ስምንተኛ ትውልድ አይ ፋይቭ ያለውን ይፈልግ። ከዚያ ከፓወር ሰፕላይ የተለየ ገመድ የማይፈልግ ጂቲኤክስ 1650 ይግዛ፤ 75 ዋት ነው፣ ከማዘርቦርዱ ያገኛል። ግን ገመድ የሚፈልጉ 1650ዎችም ስላሉ ጎኑን ይይ። ሳጥኑ ቀጭን ከሆነም ተራው ካርድ አይገባበትም። ሜትር ይዞ ይሂድ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። የማስታወቂያ ክፍላችሁ የኮምፒውተር ማስታወቂያ ሲቀበል አራት ነገር ይጠይቅልን። የፕሮሰሰሩ ሙሉ ቁጥር። የካርዱ ሙሉ ስም። ፓወር ሰፕላዩ በ12 ቮልት ስንት አምፔር እንደሚሰጥ። አዲስ ይሁን ዩዝድ። ቦታ አይወስድም፣ አንድ መስመር ነው። የእኔው ቢሆን እንዲህ ይጻፍ ነበር፦ «አይ 7-2600፣ ሁለተኛ ትውልድ፣ ጂቲ 730 ካርድ፣ 12 ቮልት በ16 አምፔር፣ ዩዝድ»። እንዲህ ተጽፎ ቢሆን 58 ሺህ አልከፍልም። ግን ሻጩም አይከስርም፤ ለጋራዤ በ15 ሺህ እወስደው ነበር።

ለነገሩ መጨረሻው እዚያው ነው የሆነው። አሮጌው ኮር አይ ሰቨን ማዘርቦርዱ ከፍንዳታው ተርፎ፣ ጠጋኙ ልጅ በነፃ የሰጠኝ የዛገ ኬዝ ውስጥ ገብቶ፣ ዩዝድ ፓወር ሰፕላይ ተገጥሞለት ጋራዥ ተቀምጧል። የደንበኞችን ስም፣ ዘይት የቀየሩበትን ቀንና ያለባቸውን ዱቤ ይዞልኛል። ለዚህ ሥራ ፈጣን ነው። ፓወር ሰፕላዩ ላይ ያቺ ቀይ ማብሪያ አለችበት። 230 ላይ አድርጌ በፕላስተር ሦስት ዙር ጠቅልያታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመኪና መካኒክ
ከሳሪስ፣ አዲስ አበባ
ጥር 2018 ዓ.ም.